ሰልፉን ያስረዘመችው ደራሲ

ጥፋተኛው አርታኢዬ ዳዊት ነው!

ዛሬ ካዛንቺስ አንድ ካፌ ውስጥ አዲሱን ልቦለዴን ለአንባቢዎች ስፈርም ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጣ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ከዚያም የራሴን፣ አሟልቼ ነው የምጽፈው።

ዳዊት ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «እትዬ፣ ዝም ብለው ጫር ጫር ያድርጉ። የሚቀጥለው ረቂቅ ማስረከቢያ ቀኑ አልፏል እኮ!» አለኝ።

ያለፈውን ረቂቅ ስድስት ወር ሲያስተኛው ግን አልቸኮለም።

«ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። እስከዚያ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ፍጥነት ከፈለግህ ቀለም አምጣልኝ!» አልኩት።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ልጅ ከኋላ፣ «እማማ፣ እኔ ወለተመድኅን ነኝ፤ ከነአያቴ ስም ይጻፉልኝ!» አለች። ጻፍኩላት።

አሁን እጄም አእምሮዬም ዝለዋል፤ ረቂቁ ይጠብቃል። እናንተንስ በምትወዱት ሥራ ላይ ማን አጣደፋችሁ? ንገሩኝ።

እኔ ግን ከእንግዲህ ለማንም ብዬ ስሜን አላሳጥርም።