የአክስቴ ጠገራ ብር

ያሳደጉኝ አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደብረ ታቦር ገበያ ጨው ሲገዙ መጀመሪያ የሚያወጡት ጠገራ ብራቸውን ነበር። ባለሱቁ ሁልጊዜ ይስቅባቸዋል።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ገንዘብ መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት ከሻረው ስንት ዘመኑ! ለልጅ መጫወቻ ይስጡት።»

እሳቸው ጠገራዋን የሱቁ የድንጋይ ደረጃ ላይ ይጥሏታል፤ ጥርት ብላ ትጮኻለች።

«ስማ! እስቲ ያንተ ወረቀት እንዲህ ይጩህ!» ይሉና ከመቀነታቸው የወረቀት ብር ፈትተው ይከፍላሉ።

ጠገራዋን እናታቸው ናቸው ሲድሯቸው በእጃቸው ያስጨበጧቸው። አትሠራም ሲባሉ እናታቸው የተሰደቡ ያህል ይቆጡ ነበር።

አክስቴ አርፈው ሠልስታቸው እንኳ ሳይወጣ፣ ያ ባለሱቅ ለቅሶ ቤት መጥቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

«ያቺን ጠገራ ለእኔ ይሽጡልኝ፤ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ።»

እንባዬ ደረቀ።

«ገንዘብ አይደለችም ስትል አልነበር? ውጣልኝ! እግርህ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳይደርስ!»

አልሸጥኳትም። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ደረጃው ላይ እጥልበታለሁ። ትጮኻለች፤ እሱም ፊቱን ያዞራል። ከዚያ «ስማ!» የሚለውን የአክስቴን ድምፅ እጠብቃለሁ። የለም። ጠገራዋን አንሥቼ ብቻዬን እሄዳለሁ።