በአሥራ ዘጠኝ ማኅደር ላይ ያለ ፊርማ

እትዬ ዲንኪቱ ጉዮ ባለፈው ጥቅምት ስድስት ቀን ነገሌ ቦረና ውስጥ አረፈች። በሥራ ማኅደሯ የልደት ዘመኗ በሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ተጽፏል። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ልጠይቃት እያልኩ ዓመታት አለፉ፤ አሁን የሚጠየቅ የለም። የማውቀውን ግን ሳላዛባ ላስፍረው።

የተወለደችው ቦሬ ነው። ባሏን ተከትላ ወደ ነገሌ ስትወርድ ሙቀቱና አቧራው አንድ ዓመት ሙሉ እንዳስለቀሳት ትናገር ነበር። ባሏ በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር፣ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ሲሞት ከቤታቸው ጀርባ የሠራቸውን አራት ክፍሎች ትቶላት ሄደ። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች፤ ክፍሎቹንም ከቆላው መንደር ለመማር በሚመጡ ልጆች ሞላቻቸው። በእነዚያ ክፍሎች ከኖሩት አንዷ እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ በዚያው ትምህርት ቤት የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ ስሆን፣ ከከፈትኳቸው የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች በአንዱ የራሴን ካርድ አገኘሁ። በወላጅ ቦታ የፈረመችው እሷ ናት።

ይህ ነገር አገሩን ለማያውቅ ማብራሪያ ይፈልጋል። አርብቶ አደሩ አባት ከብቱን ይዞ ውሃና ሣር ተከትሎ ይሄዳል፤ ልጁ ከተማ ተከራይቶ ይማራል። ትምህርት ቤቱ ግን ለካርድም፣ ለመቅረትም፣ ለጥፋትም የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። ስለዚህ ልጆቹ ወላጅ ይከራዩ ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር የሦስት ልጆች አጎት ሆኖ ቀርቦ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሲገሠጽ አይቻለሁ። እትዬ ዲንኪቱ ግን የኪራይ ወላጅ አልነበረችም። አባቶቹ ራሳቸው መጥተው፣ እጅዋን ይዘው፣ አደራ ብለው ነው የሰጧት። ልጆቹ በኦሮምኛ «አዮ» ይሏታል፣ እናቴ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. በእሷ ፊርማ የሚማሩት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ኡርጂ ዋሪዮ ናት፤ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል። አባቷ ኦቦ ዋሪዮ ሲያመጧት ከሌሎቹ አባቶች የተለየ አደራ ነበራቸው። ታላቅ ወንድሟ በሌላ ከተማ ሲማር፣ ምን እንደሚባልበት እንኳ ባልተረዳው ስብሰባ ተቀምጦ ስሙ በወረቀት ተመዘገበ። በኋላ ሰብሳቢዎቹ ተጣሉ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ልጁ ሦስት ሳምንት ታሰረ። ሲፈታ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም፤ ክብረ መንግሥት አካባቢ ወርቅ ቁፋሮ ገባ። ኦቦ ዋሪዮ ለእትዬ ዲንኪቱ እንዲህ አሏት፦ «የዚህች ልጅ ስም ከክፍል መዝገብና ከካርድ ሌላ ቦታ ከተጻፈ፣ በማግስቱ መጥቼ እወስዳታለሁ። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባች።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን የሚያደርጉት ንግግር በትምህርት ሰዓት ስለሚተላለፍ፣ ተማሪዎች በየክፍሉ ባለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲከታተሉት የሚል ነው። በአስተዳደሩ ስብሰባ ወላጆችን ወክለው የተገኙት ወይዘሮ ፋርሂያ ወዲያው ተነሡ።

«ልጄን ለሒሳብ ነው የላክሁት። ሌላ ነገር ስትሰጡት እኔን ጠይቁኝ።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ አምሀ ፈገግ አሉ። «እትዬ ፋርሂያ፣ ንግግሩ ማታ በቴሌቪዥን ይደገማል። ማታ ሲያየው ማንን ያስፈቅዳል?»

«ማታ እኔ አጠገቡ ነኝ። ካልጣመኝ አጠፋዋለሁ። የናንተን ፕላዝማ ማን ያጠፋዋል?»

«መብራት ኃይል!» አለ ከኋላ አንድ መምህር፤ ሁሉም ሳቀ።

እኔ መመሪያዎቹን እንዳገላብጥ ታዘዝኩ። ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል አላገኘሁም፤ አያስፈልግም የሚልም አላገኘሁም። ርዕሰ መምህሩ ክርክሩን ለማብረድ ለወላጅ የፈቃድ ወረቀት ይላክ አሉ። አዘጋጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት እጥረት ስለነበር በተዘጋጀው የካርድ መረከቢያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ጨምሬ አባዛሁት። መጠኑ አንድ፣ ራስጌው አንድ፣ የፊርማው ቦታ አንድ። የመንፈቅ ዓመቱ ካርድም በዚያው ሳምንት ወጣ።

እትዬ ዲንኪቱ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ጣቷን እያስከተለች፣ ቀስ ብላ። ስሟን ግን በፍጥነት ትጽፋለች። በየመንፈቁ ካርድ ሲመጣ ማታ ልጆቹን ታሰልፋለች፤ ውጤት ታያለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች፣ ትፈርማለች። ያን ዕለትም እንደ ልማዷ አደረገች። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ፈረመች፤ ግማሹ የካርድ ነበር፣ ግማሹ የንግግሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኡርጂ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። የተባባሉትን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም።

«አዮ፣ ስሜ ሰሌዳ ላይ ወጣ።»

«እሰይ! ስንተኛ ወጣሽ?»

«የደረጃ አይደለም። ንግግር የሚያዩ ልጆች ዝርዝር ነው። አንቺ ፈቅደሽ።»

«እኔ?»

«ፊርማሽ አለ።»

እትዬ ዲንኪቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ኡርጂ ሁኔታዋን አይታ ፈጠን አለች፦ «ለአባቴ አትንገሪው። እሱ ሰሌዳ አያነብም። ማን ይነግረዋል?»

በማግስቱ ጠዋት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቢሮዬ ገባች።

«የኡርጂን ወረቀት መልሺልኝ።»

«ፋይል ገብቷል እትዬ። ፋይል የገባ አይወጣም።»

«ያንቺን ካርድ ስፈርም እንዲህ አልተራቀቅሽብኝም።»

ወደ አቶ አምሀ ላክኋት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቁጭ ይበሉ ብለው ወንበር ሰጧት።

«እትዬ ዲንኪቱ፣ ለአንዷ የፈረምኩት አይቆጠርም ቢሉ፣ ለአሥራ ስምንቱስ የፈረሙት ለምን ይቆጠራል ይባላል። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ልጆች ማኅደር ወላጅ አልባ ይሆናል። እርስዎ ወላጅ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

«ለዚች ለዚችስ ወረቀት አይደለሁም።»

«እንግዲያ አባቷ ይምጡ።»

ይህን ያሉት እንደማይመጡ አውቀው ነው። ኦቦ ዋሪዮ የነበሩበት ቦታ በአይሱዙ ግማሽ ቀን፣ ከዚያም በእግር የሚኬድ ነው። እትዬ ዲንኪቱ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ኡርጂ ቀሚሷን ይዛ አለቀሰች፦ «ከነገርሽው ይወስደኛል! ዝም ካልሽ ግን እማራለሁ!»

«ዝም ብዬ ባስተምርሽ፣» አለቻት፣ «ሌላ አባት ልጁን አደራ የሚለኝ በምን አምኖ ነው?»

አይሱዙው ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተሳፍራ ወረደች። ኦቦ ዋሪዮን ከጉድጓድ ውሃ ዳር፣ ግመል ሲያጠጡ አገኘቻቸው። «ናጋ»፣ ሰላም ነው ወይ፣ እየተባባሉ ሰላምታውን እስኪጨርሱ መጠበቅ እንደከበዳት ነግራኛለች።

«ናጋ?» «ናጋ።» «ከብቱ ናጋ?» «ናጋ።» «ዝናቡ?» «የለም፤ ግን ናጋ።» «ልጄስ?»

ያን ጊዜ ነገረቻቸው። ሳላነብ ፈረምኩ፣ አለች፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። እሳቸውም ግመሎቹን አጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ በትራቸውን አንሥተው «እንሂድ» አሉ።

ንግግሩ በሚተላለፍበት ቀን ጠዋት ሁለቱም አቧራ ለብሰው የአቶ አምሀ ቢሮ ደረሱ። ኡርጂ ተጠርታ መጣች። የልብሷን ሻንጣ ቀድማ አዘጋጅታ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔም ፋይሉን ይዤ ቆምኩ። ኦቦ ዋሪዮ በኦሮምኛ፣ አልፎ አልፎም በአማርኛ ይናገራሉ።

«ከብቴን ለሰው አደራ ስሰጥ፣» አሉ፣ «ሰውየው ያግዳል፣ ያጠጣል፣ ወተቱንም ይጠጣል። አይሸጥም፣ አያርድም። ያንን ከፈለገ እኔ ዘንድ ይመጣል። የኔን ልጅ ስም ስትወስዱ ማን እኔ ዘንድ መጣ?»

«አባባ፣ ንግግር ማየት መታረድ ነው እንዴ?»

«ማየቱን አላልኩም። ስሙን ነው ያልኩት።»

«ወላጅ ፈርማለች እኮ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለች እትዬ ዲንኪቱ። «እሳቸው ቃል አስገብተውኝ ነበር። የፈረምኩት ሳላነብ ነው። መቅጣት ካለባችሁ እኔን ቅጡ፤ ልጅቷ ግን ትማር።»

ኦቦ ዋሪዮ ወደ ሻንጣው አዩ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ኡርጂ መሬት መሬት እያየች መለሰች። «እፈልጋለሁ። ሁሉም ያያሉ። ደግሞ... ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያ ትየው፣» አሉ ለአቶ አምሀ፤ «ስሟ ግን ይሰረዝ።»

«ያለ ስም አይሆንም፣» አሉ አቶ አምሀ፤ «ደብዳቤው ያዛል።» እኔንም አዩኝ። «አንብቢላቸው።»

ደብዳቤውን ከፋይል አውጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ንግግሩን የተከታተሉ ተማሪዎች ብዛት ይገለጽ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ብዛት ይላል፤ ስም አይልም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆችን በስም፣ በክፍልና በተራ ቁጥር ጽፌ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ስም የሌለበት ቁጥር ማስረጃ አይሆንም ብዬ ተምሬአለሁና፣ ያለ ስም መመዝገብ አልመጣልኝም። አቶ አምሀ ደብዳቤውን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ጆሯቸው ቀላ።

«ተልኳል?» አሉኝ።

«ገና ነው። ዛሬ ከሰዓት ነበር የሚላከው።»

«ሰሌዳውን አራግፊው።»

ሄጄ ነቀልኩት። ስመለስ ኦቦ ዋሪዮ ዝርዝሩን ከእጄ ተቀብለው እያገላበጡ አዩት፤ የልጃቸው ስም የቱ እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ለእትዬ ዲንኪቱ ሰጧት። እሷ በጣቷ እያስከተለች፣ ቀስ ብላ፣ እስክታገኘው አነበበች። «ይኸው» አለች። ኦቦ ዋሪዮ ወረቀቱን ተቀብለው አራት ቦታ ቀደዱት። ለላይ የተላከው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

በአራት ሰዓት ኡርጂ ከጓደኞቿ ጋር ገባች። አባቷ ውጪ ግራር ሥር ተቀምጠው ጠበቋት። ስትወጣ «ስለ ውሃ ምን አሉ?» ብለው ጠየቋት። «ትንሽ አሉ» አለች። «ትንሽም ከተባለ ደኅና» አሉ።

ሊሄዱ ሲነሡ እትዬ ዲንኪቱ ሻንጣውን አንሥታ ፊታቸው ቆመች። ልጅቷን ይወስዷት እንደሆነ መጠየቅ ፈርታ ነው የቆመችው።

«ወደ ቤትሽ መልሺው፣» አሏት። «ልጅቷ አንቺ ዘንድ ትደር። እውነቱን ልትነግሪኝ እስከ ጉድጓዱ የመጣሽ አንቺ ነሽ። ለእሷ ግን ከእንግዲህ አትፈርሚም። ፊርማው የኔ ነው።»

«እሺ፣ ኦቦ» አለች። ሻንጣውን ተሸክማ ስትወጣ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ለእሷ ፊርማው ትንሽ ነገር አልነበረም፤ እናት የተባለችበት እሱ ነው።

በቀሩት የዚያ ዓመት ወራት በገበያ ቀን ወደ ከተማ ከሚወጡት አባቶች አንዱንም ሳትጠይቅ አላሳለፈችም፦ «ለልጅህ ምን ልፈርም? ምን አልፈርም?» አንዳንዱ ሳቀ። «ሁሉንም ፈርሚ፤ ልጄን እንደሆን ሰጥቼሻለሁ» ያላትም ነበር። እሷ ግን መልሱን ሳትሰማ አትለቅም። የሚፈረመውንም ወረቀት ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ታደርግ ነበር፤ አሥራ ስምንት ካርድ ሲነበብ እራት ይበርዳል። እኔም ከዚያ ወዲህ የካርድ መረከቢያውን ከሌላ ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት አድርጌ አላባዛሁም። አቶ አምሀና ወይዘሮ ፋርሂያ ፈቃድ ያስፈልጋል አያስፈልግም እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ካርድ ወጣ። ኡርጂ ሰባተኛ ወጥታ ነበር። እትዬ ዲንኪቱ እንደ ሁልጊዜው ልጆቹን አሰለፈች፤ የኡርጂ ተራ ሲደርስ ካርዱን ተቀብላ ውጤቱን አንድ በአንድ አየች፣ በሒሳቡ ተቆጣች፣ በባዮሎጂው እልል አለች። ከዚያ ብዕሩን ክዳኑን ገጥማ አስቀመጠችው።

«ይሄ ቦታ ይቆይ» አለቻት። «አባትሽ ይመጣል።»

«ካልመጣስ አዮ?»

«ይመጣል።»

ቦታው አሥራ አንድ ቀን ባዶ ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኦቦ ዋሪዮ መጡ፤ ካርዱን ይዘው ቢሮዬ ገብተው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣ ከማተማቸው በፊት «አንብቢልኝ» አሉኝ።