ትንሹና ትልቁ ካርቡሬተር

መካኒኩ በየጠዋቱ የአሮጌውን የጭነት መኪና ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳል፤ ጆሮውን ወደ ካርቡሬተሩ አዘንብሎ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ብሎን በካቻቪቴ በጥቂቱ ያዞራል። ድሮ ሞተሩ ሲስተካከል ድምፁ ይነግረው ነበር። አሁን ግን ትንሹን ካርቡሬተር ቢገጥም ትልቁን ቢገጥም አንድ ሆኖበታል። ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ይሁን የጆሮው ግራ ገብቶታል፤ ለሚስቱም አልነገራትም። ዛሬ ትልቁን ገጥሞ እጁን በዘይት በወዛ ቱታው ጠረገ።

«ጋሼ፣ ጭሱ እኮ ጠቆረ! ይሄ ቤንዚን ይጠጣል እንጂ አይሄድም» አለ አጠገቡ የቆመው የመኪናው ሾፌር።

«ጭሱን ተወው፤ ድምፁ እንደሆነ ቅቤ ነው።»

«ኧረ ሞተሩ ያስነጥሰዋል፣ አይሰማህም?»

መካኒኩ ሞተሩን ትክ ብሎ አየው። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ «እስቲ ና፣ አንተ ስማልኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ትንሹን መልሰው ገጠሙት። ብሎኑን ያዞረው መካኒኩ ሲሆን «በቃ!» ያለው ሾፌሩ ነበር።