የጠርዙ ሙከራ

የያዙኝ ከሙን እየመዘንኩ ሳለ ነው። ዕለቱ አርብ ነበር። መንገዱ በሰጋጅ ተሞልቶ ስለነበር መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው በእግር መጡ። ሶላቱ እስኪያልቅ ከሱቄ ደጃፍ ቆመው ጠበቁ። እኔም የደንበኛዬን ዕቃ ጠቅልዬ ሸኘሁት። መደርደሪያው ላይ ለባለቤቴ የገዛሁት፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ተቀምጦ ነበር።

«ይህን ቤት አድርሼ ልምጣ» አልኳቸው።

«ሰው ያደርሰዋል» አሉኝ።

ለጎረቤቴ ለጨርቅ ነጋዴው ሰጥቼው ሄድኩ። በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ተጋድማ መተኛት አቅቷት ነበር። ትራስ ደራርበንላት ተቀምጣ ታድር ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ በእጇ ሂድ ሂድ አለችኝ። ለመናገር ትንፋሽ አልበቃትም።

ጥፋቴ ጥያቄ ነው። በወረዳው ስብሰባ ላይ መድረኩን የያዘው ሰው ኑሮውን ያስወደዳችሁት እናንተ ነጋዴዎቹ ናችሁ አለ። እጄን አወጣሁና «ይህ መላ ምት ነው ወይስ ተፈትሾ የተገኘ ውጤት? ተፈትሾ ከሆነ እንዴት እንደተፈተሸ ቢነግሩን» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያልፉኝ ነበር፤ ያሳሰረኝ ጭብጨባው ይመስለኛል። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር። ዛሬም ከዚያ የተሻለ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

አንድ ቅመም ነጋዴ መላ ምት የሚለውን ቃል ከየት አመጣው የሚል አይጠፋም። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ነገር ግን ያኔ እኛ ቅመም የምንጠቀልለው በኪሎ በሚሸጥ አሮጌ መጽሐፍ ነበር፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበዛው ደግሞ የተማሪ መጽሐፍ ነው። እኔ ሳላነብ የቀደድኩት ገጽ የለም። ሌላው ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ ያንቀላፋል፤ እኔ የሳይንስ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ። ሕይወት ያለው ነገር ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያድጋል፣ ይራባል፣ ቆሻሻ ያስወግዳል፣ ለሚነካው ነገር ምላሽ ይሰጣል። በቅመም ተራ ይህን በቃሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ላይ ሰው የተደገፈበት ቅባት አለ። አፍንጫዬ የሠለጠነ ስለሆነ ገና በሩ ሲከፈት ለየሁት፦ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሻገተ ዳቦ፣ ሽንት፣ ከዚያ ሥር ደግሞ በጣም ቀጭን የሎሚ ሽታ። አንዱ እስረኛ የሎሚ ልጣጭ በኪሱ ይዞ ያሸት ነበር። ያ ሰው የባዮሎጂ መምህር ነው። ሌላው የሲኖትራክ ሾፌር ሲሆን የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር፤ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው፣ ምግብ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። የሾፌሩ ቤተሰብ ሩቅ አገር ስለሆነ ስንቅ የሚያመጣለት ሰው አልነበረውም። የክፍሉ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ የማንም ስንቅ ይግባ ሁላችንም እኩል እንበላለን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውቀቴን አካፈልኳቸው። መምህሩ ፈገግ እያለ ያዳምጠኛል። ሾፌሩ ግን ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አይደለም።

«ቆይ ጋሼ» አለኝ አንድ ጠዋት። «የኔ ሲኖትራክ ናፍጣ ይበላል፣ አየር ይስባል፣ ይሄዳል፣ ጭስ ያስወግዳል። ቢነኩት ይጮኻል። ስለዚህ ሕይወት አለው?»

«አይራባም» አልኩት።

«እንዴት አይራባም? ባለቤቱ በየዓመቱ አንድ ይጨምርበታል!»

መምህሩ በጀርባው ተንጋሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን መተንፈስ የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ቤት ጠያቂ ማየት አልተፈቀደልንም። ልጄ ከበር ላይ ምግቡን ቀምሳ ለጠባቂው ትሰጣለች፣ ባዶውን ዕቃ ተቀብላ ትሄዳለች። ቃል ማሳለፍ የለም። ጠባቂውን «ባለቤቴ ደህና መሆኗን ልጄን ጠይቅልኝ» ብዬ ለምኜው ነበር።

«አባት፣ እኔ የምግብ ነኝ፤ የወሬ አይደለሁም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው።

ስለዚህ በምግቡ ማወቅ ነበረብኝ። ሽሮውን ቀመስኩ። የሷ ሽሮ ነው። ኮረሪማው ትንሽ ያይላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ይመጣል። ይህ ምላሴ ከሺህ ሽሮ መካከል ይለየዋል።

«ባለቤቴ አለች!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተነስታ ወጥ እየሠራች ነው።»

መምህሩ ጉርሻውን ዋጠና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሽሮው መቼ ነው የተዘጋጀው?»

«ከመስቀል በፊት፤ የዓመቱን ነው የምታዘጋጀው።»

«በርበሬውስ?»

ቅመም እየሸጥኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽሮ ያዘጋጀው እጅ ከሄደ በኋላም ጣዕሙ ዓመት እንደሚቆይ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። በማግስቱ እሱ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አይቀየሙኝ። ያልኩት የሉም ለማለት አይደለም፤ ሽሮው ማስረጃ አይሆንም ለማለት ነው። የሞተ ሰው የማይችለውን ነገር ይፈልጉ።»

«ምላሽ መስጠት» አልኩ ወዲያው። ሌላ ሰው ቢሆን ብዙ ያስብ ነበር።

«ምላሽ። ግን የልጅዎ ሳይሆን የሳቸው ብቻ የሆነ።»

እሱን ለማግኘት ግን አሰብኩ፤ ቀኑን ሙሉ። ያገኘሁትን ስነግራቸው ትንሽ አፈርኩ፤ የባልና የሚስት ነገር ነው።

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ጎጆ የወጣን ሰሞን፣ እኔ የእንጀራውን መሀል እየበላሁ ደረቁን ጠርዝ እተው ነበር። ባለቤቴ ጠርዙን ሰበሰበች። በማግስቱ ምሳ ከድና ያቀረበችልኝን ሳህን ስከፍተው ዙሪያውን ተቆርጦ የተቆለለ ጠርዝ ብቻ! ወጥ ፈሶበታል። «ይኸው፣ ያንተን ድርሻ አጠራቅሜልህ ነው» አለችኝ። አንድም ሳላስቀር በላሁ። ከዚያ በኋላ ስንኳረፍ የምንታረቀው በዚህ ሆነ። እኔ ጠርዙን እተዋለሁ፤ እሷ በማግስቱ ጠርዝ ብቻ ታቀርባለች፤ እኔ ጥርግ አድርጌ በልቼ ሳህኑን አጥቤ እመልሳለሁ። ነገሩ አለቀ። ይቅርታ የሚባል ቃል ተናግረን አናውቅም። ልጆች ከተወለዱ ወዲህ በአንድ ትሪ ስለምንበላ ተረሳ፤ ልጄ ይህን አታውቅም።

መምህሩ እጁን አጨበጨበ። «ግሩም ነው! እስከ ዛሬ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ምግቡ እንደወትሮው ነው የመጣው። ያ ማነጻጸሪያችን ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ ጠርዙን።»

ሾፌሩ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ! ጠርዙን እንመልስ ነው የምትሉት? ምግብ?»

እውነቱን ነበር። ለአራት ሰው የሚከፈል እንጀራ ነው። አራተኛችን ከሶዶ የመጣ፣ ከጭነት ላይ የተያዘ፣ ብዙ የማይናገር ወዛደር ነበር። የሁላችንንም ጠርዝ ካልመለስን ምልክቱ አይታይም። ማዘዝ ደግሞ አልችልም። ወዛደሩ ነው የተናገረው።

«ሚስቱ ናት እኮ» አለ።

ሾፌሩ ተነፈሰ። «እሺ። ለሳይንስ እንራባለን። ግን ጋሼ፣ ሲፈቱ አንድ ኪሎ በርበሬ አለብዎት።»

ጠርዙን አጥፈን፣ ደርድረን መለስን። በማግስቱ የመጣው ምግብ እንደወትሮው ነበር።

«አንድ ሙከራ አይበቃም» አለ መምህሩ፤ ፊቴን ሳያይ። እንደገና መለስን። በማግስቱ እንጀራው አንሶ በላዩ ሩዝ፣ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ ድንችና ካሮት መጣ። ሾፌሩ ደስ አለው። «ይህ ሙከራ መቆም የለበትም!» እያለ ከፈለን።

መምህሩ ካሮቱን አገላብጦ አየው። «ምላሽ ነው። ግን የማን?»

የልጄ ነበር። ጥርሱን አሞታል ብላ ነው። ያን ዕለት ጠርዙን አጥፈን ለሦስተኛ ጊዜ መለስን። በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ ሰዓት ሰው ናፍቄ አላውቅም። ፊቷ አይደለም የናፈቀኝ፤ ቁጣዋ ነው። ሳህን ከድና እጇን አጣጥፋ የምትቆምበት አቋቋም።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ የጠባቂው ድምፅ ቀድሞ ተሰማ።

«ኑ እዩማ! የሽማግሌው ቤተሰብ ትርፍራፊ ልከውለታል!»

በሩ ሲከፈት ሌሎች ሁለት ጠባቂዎች ከኋላው ቆመው ነበር። ምሳ ዕቃውን ክዳኑን ከፍቶ አዘነበለው። ጠርዝ። ሌላ ምንም የለም። በቀጭኑ፣ በእኩል ስፋት ተቆርጦ፣ ተቆልሎ፣ ሽሮ ፈሶበታል።

«አባት፣ ከኛ ዳቦ ላምጣልህ?» አለኝ። ማላገጥም ማዘንም ነበረበት።

ተነሳሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

«አመሰግናለሁ፤ አያስፈልግም። ከባለቤቴ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ሦስቱም አዩኝ። ሕጉን የማፍረስ ቀን ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የዛሬው የኔ ብቻ ነው» አልኩ።

«ማን ይፈልገዋል ጋሼ!» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልነበረም። «ይብሉት።»

ግድግዳውን ተደግፌ አንድ በአንድ በላሁ። ሽሮ እንባ ያስወጣል የሚል ሰው ካለ፣ አዎ፣ ያስወጣል። ሲያልቅ ከመጠጫ ውሃዬ አፍስሼ ዕቃውን አጠብኩ፣ በጋቢዬ ጫፍ አደረቅሁ፣ ክዳኑን ገጥሜ በሩ ሥር አስቀመጥኩ።

ማታ መምህሩ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ደንቡን ያውቁታል። አንዴ የታየ ውጤት ሊያጋጥም ይችላል። መድገም አለብን።»

«አልደግምም።»

«ለምን?»

«ምክንያቱም ውጤቱን አግኝቻለሁ።»

በሕይወቴ የሳይንስን ደንብ እያወቅሁ የጣስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እስክፈታ ድረስ ዕቃውን ባዶውን፣ አጥቤ ነው የመለስኩት። ጠርዙን ለሾፌሩ እሰጠው ነበር።

ለምን እንደያዙኝ በወጉ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ልጄ በር ላይ ጥቁር ለብሳ ጠበቀችኝ። እዚያ ምንም አልጠየቅኋትም። ቤት ገብቼ ባዶውን አልጋ አይቼ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው የጠየቅኋት።

«ጠርዙን የላከችው ማን ናት?»

ልጄ ደነገጠች። ከዚያ ነገረችኝ። ሁለቱን ቀን ጠርዙን ደፍታዋለች። በሦስተኛው እናቷ ከትራሱ ላይ ሆና አየቻት። «ምንድን ነው እሱ?» አለች። «አባባ ጠርዙን እየተዉ ነው፤ ጥርሳቸውን አሟቸው ይሆናል» አለች ልጄ። እናቷ ሳቀች። ሳቁ ትንፋሿን ቆርጦባት መድኃኒቱን በአፏ እስክትስብ ድረስ ሳቀች። «ጥርሱ አይደለም። መቀስ አምጪልኝ» አለች። ራሷ ቆረጠችው፤ ቆም እያለች፣ እየተነፈሰች፣ ረጅም ሰዓት ፈጅታ። ልጄ ላግዝሽ ብትላት እጇን መታቻት።

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ዕቃውን አምጪው አለችኝ። ከፍታ አየችው። በጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው። በልቶታል አለችና ከድና ተኛች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።»

መምህሩ አሁንም አልፎ አልፎ ሱቄ ይመጣል። በርበሬ ይገዛል፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንከራከራለን። መድገም ነበረብን ይላል። ብንደግም ኖሮ ምላሹ ያቆመበትን ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኜ አውቀው ነበር። ስላልደገምኩ በቀሩት ወራት ሁሉ ባለቤት ያለኝ ሰው ሆኜ ታሰርኩ። ሳይንስ ይህን ስህተት ይለው ይሆናል። እኔ ሳይንስን ከብዙ ሰው በላይ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ግን አንስማማም።

የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። በጣም ታከብረኛለች፤ ቁጣ የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ሳልደውል፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ዘግይቼ ገባሁ። ወጡ ቀዝቅዟል።

«እንኳን ደህና ገቡ አባባ» አለችኝ፤ ወጡንም ልታሞቅልኝ ተነሳች።