ገንዳው ዳር የምትቆመዋ ሴት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «የአይጥ እናት» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይጥ ስትመግብ፣ ስትመዝንና ስታዋኝ ለኖረች ሴት ስሙ አይበዛባትም። አይጥ ማዋኘት ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በወተት ዱቄት የደፈረሰ ውሃ የሞላበት ክብ ገንዳ አለ፤ ከውሃው ሥር በአንድ በኩል ትንሽ መቆሚያ ተደብቃለች። ቦታዋን ያስታወሰች አይጥ ቶሎ ደርሳ ታርፋለች፤ የረሳች ስትዞር ትውላለች። ምርምሩን የሚመራው ዶክተር ይህን ሁሉ የሚደክመው፣ የባህል ሐኪሞች ለመርሳት የሚሰጡት አንድ ቅጠል እውነት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ቅጠሉን የጠጡት አይጦች የእሷ ድርሻ ናቸው። ውሃ ብቻ የጠጡትን ባልደረባዋ በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ይፈትናቸዋል።

የእሷዎቹ በእጥፍ በለጡ። ይህን ባየች በሳምንቱ ከቅጠሉ እፍኝ ታህል በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። እናቷ የገዛ ቤቷ መጸዳጃ ከጠፋባት ዓመት አልፎታልና ማን ይፈርድባታል? ሁለት ወር እያፈላች አጠጣቻት። እናቲቱም ማንም እጇን ሳይዛት ጠዋት ጠዋት መጸዳጃው በር ድረስ መሄድ ጀመረች።

ትናንት አንዷን አይጥ ውሃ ውስጥ እንደለቀቀች ስልኳ ጮኸ። እናቷን የምትጠብቅላት ጎረቤት ናት።

«ደህና ናት፣ አትደንግጪ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የት አደረግሽው?»

ለመስማት ወደ መስኮቱ ራቅ አለች። አምስት ቀን ሙሉ መቆሚያዋን ስታ የማታውቀው አይጥ ወደ መስኮቱ ዋኘች። ሴትየዋ ወደ በሩ ሄደች፤ አይጧም ወደዚያው ዞረች። ደንቡ ገንዳውን ከከለለው መጋረጃ ጀርባ ቁሙ ይላል። እሷ ግን ሲንፈራገጡ ማየት አንጀቷ አልችል እያለ፣ ሁልጊዜ መቆሚያዋ ባለችበት በኩል ማድረቂያ ጨርቅ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል፤ ፈረሷ ራሷ ሆና ተገኘች።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቢሮው ገብታ። «የሚያውቁት መቆሚያዋን አይደለም፤ እኔን ነው።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ቅጠሉ አይሠራም ማለት አይደለም። አናውቅም ማለት ነው። ከዜሮ እንጀምራለን።»

እሱስ የሚጀምርበት ዜሮ አለው። እሷ ግን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋባት።

ጠዋት ጠዋት እናቷን የምትጠብቃት መጸዳጃው በር ላይ ቆማ ነው። ዛሬ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በልቧ ወደ መጸዳጃው ሂጂ፣ ወደዚያ ሂጂ ትላለች። እናቷ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች፤ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየችና ልጇን ስታገኝ ፊቷ በራ። መጸዳጃውን አልፋ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ቀጥ ብላ መጣች።

«ደረስኩ አይደል?» አለች።

«ደርሰሻል እማዬ» አለቻትና ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ መለሰቻት።