ፓክ ዳርሞ የነገረኝ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሜሮን ደወለችልኝ። እሷና ባሏ ቤት ሊገዙ ነው። «ጋሼ፣ አባዬ ስለሌለ አንተ መጥተህ እይልን። ማለቴ እኛ ኦልሬዲ ወደነዋል፤ ግን ሳይን ከማድረጋችን በፊት የትልቅ ሰው ዓይን ይሻላል» አለችኝ። ሄድኩላቸው። ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ከተማ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት አዲስ ቤት ነው። አሻሻጯ ሴትዮ ስለ ምድጃውና ስለ ቁም ሳጥኑ ስታስረዳ፣ እኔ በጓሮ በር ወጥቼ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ አያለሁ። ሜሮን ተከትላኝ ወጣችና «ምን ጠፋብህ?» ብላ ሳቀች። ምንም አልኳት። እሷ አታስታውሰውም፤ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሜስኪት በሚባል ከተማ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራይተን ወንድሜ ታደሰ፣ ሚስቱ የሺ፣ ሕፃኗ ሜሮንና እኔ አንድ ላይ እንኖር ነበር። የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው፤ ልብሴ ያለው ከቴሌቪዥኑ ኋላ በተቀመጠ ሻንጣ ውስጥ። ታደሰ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ ነበር የምለው። ሁለታችንም አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንጭናለን። እሱን እንግሊዝኛ እምቢ ብሎት ነበርና ባንክ ቢሄድ፣ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ አፉ እኔ ነበርኩ።

ታደሰ አንድ ምኞት ነበረው፤ በስሙ የተጻፈ መሬት። አገር ቤት የአባታችን መሬት በአዋጅ ሲወሰድ፣ ሰዎች በገመድ ሲለኩት ከአባታችን አጠገብ ቆሞ አይቷል። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም። እሱ ግን አልወጣለትም። «በኪራይ ቤት ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ትለምናለህ» ይል ነበር። ደህና ሰፈር ያለ ቤት አቅማችን አይፈቅድም። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከሜስኪት ወደ ምሥራቅ፣ ገጠር ውስጥ የሚሸጥ መሬት እንዳለ ነገረን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። አውራ ጎዳናውን ለቀን፣ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር መንገድ ጀመረ። ሰፈሩ ስም እንኳ የለውም። አሥር የማይሞሉ ቤቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የኢንዶኔዥያ ቤተሰቦች። መጀመሪያ አንዱ መጥቶ ሰፍሮ ዘመዶቹን እንደ ጠራ በኋላ ሰማሁ። በየደጁ ቃሪያና ጠጅ ሣር ተተክሏል። ውርጭ በየዓመቱ እየመታው ፍሬ የማይሰጥ ሙዝም ነበር። ዶሮዎች መንገድ ላይ ይጭራሉ።

ሻጩ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ከሰፈሩ በታች፣ ከአንድ ጅረት አጠገብ ያለውን ሜዳ አዞረን። ታደሰ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን አፈር ዘገነና በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «መረሬ ነው እኮ! እይ እስቲ፣ መረሬ!» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ለኔም የራሴ ክፍል እንደሚኖረኝ ቃል ገብቶልኛል።

ሻጩ ወረቀቱን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ አጠር ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው መጣ። ስሙ ዳርሞ ነው። ሰፈርተኛው «ፓክ ዳርሞ» ይለዋል፤ ፓክ ማለት በነሱ ጋሼ እንደ ማለት ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና በሜዳው ዳር ወዳሉት፣ ፒካን ወደሚባሉት ትልልቅ ዛፎች አመለከተ። ግንዳቸው ላይ፣ በወገቤ ልክ፣ የደረቀ ጭቃ እንደ መቀነት ዞሯል።

«ውሃ እስከዚህ ይመጣል» አለኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «በየዓመቱ አይደለም። ሲመጣ ግን እስከዚህ። ለወንድምህ ንገረው፤ እዚህ ቤት አይቆምም። ከላይ፣ እኛ ጋ ካላገኘ ይቅርበት።»

«ምን ይላል ሰውዬው?» አለ ታደሰ። አፈሩ እስካሁን በእጁ ነው።

ያችን ቅጽበት አሁን ድረስ አያታለሁ። እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የሶፋው ሽቦ ጎኔን ሲወጋኝ፣ የወንድሜ ፊት ተመልሶ ሲጨልም ታየኝ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚለው። ጥሩ ሰፈር ነው ይላል» አልኩት።

ታደሰ የፓክ ዳርሞን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጨበጠ። ፓክ ዳርሞ ግራ ገብቶት አየኝ። ሻጩ ተመለሰ፤ ወንድሜም ፈረመ።

በበጋ ገባን። ቤታችን በተሳቢ ተጎትቶ የመጣ፣ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ሁለተኛዋ ክፍል የኔ ሆነች። የጉድጓዱ ውሃ ዝገት ዝገት ይላል፤ ፀሐዩ ጣሪያውን ሲያግለው ቤቱ ይጮሃል። ቢሆንም ታደሰ ከመጋዘን እንደ ተመለሰ ልብሱን ሳይቀይር ጓሮ ይወርዳል። ጎመን ተከለ፣ ድንች ተከለ። ለበሩ ሰፊ የእንጨት ደረጃ ራሱ ጠርቦ ሠራ። የሺና የፓክ ዳርሞ ሚስት ቋንቋ ሳይኖራቸው ተግባቡ። ቡ ስሪ እንላት ነበር፤ ቡ እንደ እትዬ ነው። የሺ ዳጣ ትልክላታለች፤ እሷ ደግሞ እንደ ዳጣ የሚፋጅ የተፈጨ ቃሪያና በቅጠል ተጠቅልሎ የሻገተ የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ ትልክልናለች። ተጠብሶ ሲበላ ሥጋ ሥጋ ይላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፓክ ዳርሞ አጥር ስናጥር ያግዘኝ ነበር። «በኛ መንደር» አለኝ፣ «የውጭ ሰው መሬት አይሸጥለትም። የመንደሩ ሰው ከሆንክ ደግሞ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ትጠይቃለህ፤ ውሃው በየት ይሄዳል ብለህ። እዚህ ገንዘብ ካለህ ማንም ምንም አይልህም።» ከዚያ ራቅ ብሎ ጓሮውን ወደሚኮተኩተው ታደሰ ተመለከተ። «ወንድምህ ደፋር ነው። ነግሬው እንኳ አልፈራም።»

ሚስማሩን መምታቴን ቀጠልኩ። ያን ቀን ብናገር ኖሮ ጊዜ ነበረን። የዝናቡ ወራት ገና ነበር፤ ቤቱንም ወደ ላይ ማስጎተት ይቻል ነበር። ግን ውሸት አንዴ ከበቀለ በየዕለቱ ሥሩ ይጠልቃል። ደግሞስ ዝናቡ ላይመጣ ይችል ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ውሃው በሁለተኛው ዓመት ጸደይ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ቅዳሜ ጠዋት ታደሰ ለትርፍ ሰዓት ሥራ በማለዳ ወጥቷል። እኔ ቡና ይዤ በመስኮት ሳይ ጎመኑ የለም። ቡናማ ውሃ ጓሮውን ሞልቶ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሺን ስቀሰቅሳት ውሃው ብሎኬቱን አልፎ ወለሉን ነክቷል። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ማናችንም ዋና አንችልም።

ፓክ ዳርሞ ገመድ ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ ከነሱ በኩል ካለው ምሰሶ አስሮ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ደረሰልን። ገመዱን ፈትቶ ከበራችን ብረት ጋር አሰረው። «ልጄን! ልጄን ያዙልኝ!» ትላለች የሺ። ሜሮንን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ተሻግሮ ለቡ ስሪ አስረከባት። ተመለሰ። የሺ በገመዱ ላይ እጇን እያፈራረቀች ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ እሱ እንዳንወሰድ ውሃው በሚወርድበት በኩል በሰውነቱ እየደገፈን መሃል ደረስን። የሺ ወጣች። እኔም እግሬ ጠጠር ነካ፤ ዞሬ እጄን ዘረጋሁለት።

ያን ጊዜ ነው ታደሰ የሠራው ደረጃ ተነቅሎ በውሃው ላይ እየተሽከረከረ የመጣው። ፓክ ዳርሞን ደረቱ ላይ መታው። አልጮኸም። እጁ ገመዱን ለቀቀ፤ ሽበቱን አንዴ አየሁት፣ ከዚያ ውሃው ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ ወደ ታች፣ አንድ አጥር ላይ ተጠልፎ ተገኘ።

ሙስሊሞች ናቸውና እንደ ሥርዓታቸው ተሰግዶበት ተቀበረ። ታደሰ ከሌሎቹ ጋር አፈር አለበሰው፤ አካፋ ሲሰጡት እምቢ ብሎ በእጁ። ከቀብር በኋላ ወደ ቡ ስሪ ሄድን። «ባለዕዳሽ ነኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ በልልኝ» አለኝ። ነገርኳት። ነጭ ሻሿን አስተካክላ፣ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ተናገረች፤

«ባሌ በመጀመሪያው ቀን ነግሮሃል። ውሃ ይመጣል ብሎሃል። ለምን ቆየህ?»

«ምን አለች?» አለ ታደሰ።

ወንድሜ ፊቴ ቆሟል፤ ጥፍሩ ውስጥ የመቃብሩ አፈር አለ።

«አመሰገነች» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ እጇን ሊስም ያዘ። ቡ ስሪ እጇን መነጨቀችው። ታደሰ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ሐዘን ነው፣ አይፈረድባትም» አለ።

ወደ ሜስኪት፣ ወደ ኪራይ ቤት ተመለስን። በየወሩ የምንከፍለውን ስላቆምን መሬቱን ሻጩ መልሶ እንደ ወሰደውና ለሌላ ሰው እንደ ሸጠው ሰማን። ታደሰ ከዚያ ወዲህ የመሬት ነገር አንስቶ አያውቅም። ሰዎች ስለዚያ ጎርፍ ሲጠይቁት ግን «ምን ይደረጋል፤ አንድ የሚነግረን ሰው አላገኘንም» ይል ነበር። በሰርግም፣ በለቅሶም ይህን ሲል አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ኩላሊቱ ደክሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ጋሼ አልኩት። «አቤት» አለኝ። ትራሱን ላስተካክልልህ ወይ ብዬ አስተካከልኩለት። በማግስቱ ዐረፈ።

ሰው ሲዋሽ የጨመረው ቃል ያሳፍረዋል። እኔን የጎዳኝ ያስቀረሁት ነው። የተናገርኩትን ረስቼ መኖር እችል ነበር፤ ሳላደርሰው የቀረሁትን መልእክት ግን ላኪውም ተቀባዩም ሞተው ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ቤቱን አይተን ስንጨርስ ሜሮንን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። «አባዬ ሳያውቅ ሞተ?» አለች በመጨረሻ።

«ሳያውቅ።»

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስልኳን አወጣች። «ሚስቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ፋይንድ እናድርጋት። የሰውዬው ላስት ኔም ማን ነበር?»

ዳርሞ ነው፣ ፓክ ዳርሞ አልኳት። ሌላ አላውቅም። ትከሻው ላይ አድርጎ ያሻገራት ሰው ሙሉ ስሙ ማን እንደሆነ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር።