ድምፅ የሌላት የወተት መኪና

ክሌም ኦግደን እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር ውስጥ፣ የእኛን ሰፈር ወተት ለሃያ ሁለት ዓመት ያደለው ክሎቨር ከምትባል ባዝራ ጋር ነበር። ክሎቨር መንገዱን ከእሱ ይልቅ ታውቀዋለች። እሱ ጠርሙሶቹን በየደጃፉ ሲያስቀምጥ እሷ ጋሪውን እየጎተተች በገዛ ፈቃዷ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ጋ ግን የዳቦ ቅርፊት ስለለመደች፣ ሳይሰጧት ንቅንቅ አትልም።

እ.ኤ.አ. በ1955 መጋቢት ላይ ክሌም የሚሠራበት ወተት ቤት ፈረሶቹን በሙሉ ጡረታ አውጥቶ በባትሪ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ገዛ። ለክሌም የደረሰችው በር የሌላት፣ እንደ ቁም ሳጥን ቀጥ ያለች፣ ሮጦ የሚሄድ ሰው የሚቀድማት መኪና ነበረች። ማታ የኤሌክትሪክ ገመድ ተሰክቶላት ታድራለች፤ ሲነጋጋ ተነቅላ ትወጣለች።

"አትበላ፣ አትራገጥ፣ አትታመም። ምን ትፈልጋለህ?" አለው አለቃው።

"ደግሞም አትሰማ፣ አትናገር" አለ ክሌም። ከክሎቨር መለየቱ አንጀቱን በልቶት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሶቹን አስቀምጦ፣ እንደ ልማዱ በምላሱ ቀጭ አድርጎ ወደፊት ተራመደ። አራት ቤት አልፎ ሌላ ወተት ሊያነሳ ዞር ሲል መኪናዋ የለችም፤ እታች ተገትራለች። "ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ እንደተቆጣት ኋላ ራሱ ነው የነገረን።

የዚያን ቀን ትልቁ ጣጣ የደረሰው ግን በእኛ ላይ ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበርኩ። የክሎቨር ኮቴ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ቋ ቋ የሚለው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። በዚያ ድምፅ እንደምንነሳ ግን ማናችንም አስበነው አናውቅም። መኪናዋ እንደ ድመት አለፈች፤ እኛም ተኛን። ፀሐይ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ብድግ ብዬ ስወጣ መንገዱ ጫማቸውን እያሰሩ በሚሮጡ ሴቶች ተሞልቷል። ስንደርስ የፋብሪካው በር ተዘግቷል። አሥራ አራት ሆነን ውጭ ቀረን።

አክስቴ ኤድና ከዚያው በቀጥታ ወደ ወተት ቤቱ ነዳችን። በሥጋ አንዛመድም፤ ጎረቤቴ ናት። ያኔ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሽመና ማሽን ጩኸት መሃል ስትነጋገር የኖረች ስለሆነች ስታንሾካሹክ እንኳ ማዶ ይሰማል።

"ክሌም፣ ምን በደልንህ?" አለችው።

"ወተቱ አልደረሰሽም እንዴ?"

"እሱማ ደርሷል። ፋብሪካ ያልደረስኩት እኔ ነኝ። ድምፅህን አጥፍተህ የምታልፈው ወተት አዳይ ነህ ወይስ ሌባ?"

"ኤድና፣ ሰው እኮ የሚደውል ሰዓት ይገዛል።"

"አለኝ። በእንቅልፍ ልቤ አጠፋዋለሁ። ክሎቨርን ማን ያጠፋታል?"

ሁላችንም ሳቅን። ክሌምም ሳይወድ ፈገግ አለና አንድ መላ እንደሚፈልግ ቃል ገባ።

በማግስቱ የጠርሙሱን ሳጥን እያንኳኳ መጣ። ዳቦ ቤት ሲሠራ አድሮ ገና መተኛቱ የነበረው ሚስተር ፕላት በመስኮት ጫማ ወረወረበት። በሦስተኛው ቀን ሲያፏጭ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተከተለው። በአራተኛው ቀን ዘፈነ። የሚያውቃት አንዲት የልጅነት መዝሙር ነበረች፤ እሷንም ግማሿን። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዜማው ግን የትም አይደርስም። የአክስቴ ኤድና መስኮት ተከፈተ።

"ክሌም፣ እሱ ጋ ወደ ላይ ነው የሚወጣው።"

"ምኑ?"

"ዜማው ነዋ።"

"ተነስተሻል አይደል?"

"ተነስቻለሁ።"

"እንግዲያው ሥራዬን ጨርሻለሁ" ብሎ እንደተበላሸ ዜማው ቀጠለ።

አክስቴ ኤድና የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ስለሆነች የተበላሸ ዜማ እንቅልፍ ይነሳታል። በሚቀጥለው ቀን እሱ ሳይመጣ ፎጣዋን ተከናንባ መስኮቱ ላይ ጠበቀችው። በቀን አንድ ስንኝ ታስጠናው ጀመር። እኛ በር ላይ ጠርሙስ አስቀምጦ ላፍ የሚለው ሰውዬ፣ እሷ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል።

አንድ ቀን "አልዘገየህም?" ስትለው ሰማሁ።

"ክሎቨር ብትሆን ይሄኔ ጥላኝ ሄዳለች" አላት። "ይቺ ግን ጨዋ ናት፤ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች።"

አክስቴ ኤድና ፎጣዋን አስተካክላ ቀጣዩን ስንኝ አስጀመረችው።

ግንቦት ላይ መዘምራኑ ወፍራም ድምፅ ቸገራቸው፤ ክሌምን እጁን ይዛ ወሰደችው። እኔም ከመዘምራኑ አንዷ ነበርኩ። መሪያችን ሚስተር ሃዋርዝ ከኋላ አቆመው። ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ስንጀምር በእጁ አስቆመን።

"ሚስተር ኦግደን፣ እባክዎ ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ።"

"አልችልም፣ ጌታዬ" አለ ክሌም በትሕትና። "እኔ የለመድኩት ለተኛ ሰው ነው።"

የዚያን ዕለት ልምምዱ አልቀጠለም። አክስቴ ኤድና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሚስተር ሃዋርዝም ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መስከረም ላይ ተጋቡ። ክሌም ጠዋት ጠዋት መዝፈኑን አልተወም፤ እኛም ከዚያ በኋላ በሩ ተዘግቶብን አያውቅም። መኪናዋን ዘጠኝ ዓመት ነዳት። ስም እንዲያወጣላት አክስቴ ኤድና ስትለምነው "መኪና እኮ ናት" ይላታል። ዝናብ ሲጥል ግን የራሱን ፊት ሳይጠርግ የእሷን መስታወት ሲወለውል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።